የቆሙት ምስሎች

ጥቅምት 8

ለወንድሜ፣

ፖስታህ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደርሶኛል፤ ፍላሹም ደህና ነው። ያመጣልኝ ጥሩንባ የምትሉት ሹፌር ባልደረባህ ነው። ስም ማውጣት ታውቁበታላችሁ። ከመንገዱ ጥግ ጀምሮ እያንባረቀ ስለመጣ ጎረቤቱ ሁሉ ከእኔ ቀድሞ በር ላይ ወጥቶ ጠበቀው።

ስልክህን ስላላነሳሁ አትቀየመኝ። ታውቀኛለህ፣ ስልክ ላይ «ደህና ነኝ» ካልኩ በኋላ ቃል ያልቅብኛል። ስትጽፍልኝ ግን የምመልሰው አላጣም። እኔም ቅር ብሎኝ ነበር፤ አደጋውን ከአንተ ሳይሆን ከጥሩንባ አፍ በመስማቴ። አሁን ወጥቶልኛል። በአውቶቡስህ የገጨኸው የግቢያችሁ ጎሚስታ እግሩ ሁለት ቦታ መሰበሩን፣ ሌላው አካሉ ግን ደህና መሆኑን ነገረኝ። ልትጠይቀው ስትሄድ «እኅቴ እግዜር ይማርህ ብላለች» በልልኝ።

ቪዲዮውን አጥሪልኝ ብለህ ለጠየቅከኝ መልሴ ይሆናል ነው። ቪዲዮውን አየሁት። ካሜራው ከግቢው በር በላይ ተሰቅሎ ወደ ውስጥ ያያል። አንተ ከሥሩ ትገባና በሁለቱ ምሰሶዎች በኩል ታልፋለህ፤ ጎሚስታው ጎማ እያንከባለለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ከቆመው አውቶቡስ ኋላ ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንዴ አየሁት፤ በቃኝ። ሊነጋጋ ሲል ስለሆነ ጨለማ ነው። ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በየመሀሉም ቀጥ ይልና ይዘላል። አደጋውን የሚያጣራው የመሥሪያ ቤታችሁ ኮሚቴ «ከዚህ ላይ ምንም አይለይም» ቢል አይፈረድበትም።

ሊቀ መንበሩ «የሚያጠራልህ ካለ አስጠርተህ አምጣ» ካሉህ እኔ አለሁልህ። ግቢ ውስጥ በሰዓት ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ እየነዳ ሰው የገጨ ሹፌር ከሥራ ይባረራል፣ መንጃ ፈቃዱም ይወሰዳል ብለሃል። አንተ ደግሞ ከስምንት አላለፍኩም ትላለህ። እንግዲያው የጎደለህ ብርሃን ብቻ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ከያዝከው መሪ ላይ በጨለማ ምክንያት አትወርድም።

ሥራ አስፈታሁሽ ብለህ አታስብ። በእጄ ያሉት ሁለት ሠርግና አንድ ምረቃ ናቸው። የተጋቡት እንደተጋቡ ነው፤ ይጠብቁኛል።

እኅትህ


ጥቅምት 19

ለወንድሜ፣

በመዘግየቴ ይቅርታ። ሰበቡ ኮምፒውተሬ ነው። የአንተን ሥራ ስሠራ ሦስት ጊዜ ሃንግ አደረገብኝ። በሦስተኛው ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴና ሮዝ አራት ማዕዘን ብቻ ሆነ፤ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይመስል ነበር። አጥፍቼ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፤ አስነስቼ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆኖብኝ ነበር የሰነበተው።

አሁን ግን አልቋል፤ ፍላሹ ላይ አለልህ። ምን እንዳደረግሁ የኮሚቴው ጸሐፊ ከጠየቀችህ እንዲህ ብለህ አስረዳት። ጨለማውን ገለጥኩት። አሸዋውን አጠብኩት፤ ምሰሶዎቹ ላይ ያለው ቢጫ ቀለም እንኳ ይለያል። ጥጉ ላይ የነበሩትን ቀያይ ቁጥሮች ቆርጬ ጣልኳቸው፤ ሠርግ የሚያመጡልኝም ገና ሳይቀመጡ «እነዚያን ቁጥሮች አጥፊልን» ነው የሚሉት። ከሁሉ ያደከመኝ መንተባተቡ ነው። ቪዲዮ ማለት በአንድ ሰከንድ ሃያ አምስት ፎቶ ተከታትሎ ሲሮጥ ነው። የእናንተ መቅጃ ግን አንዳንዴ አንዱኑ ፎቶ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ስቅታ እንደያዘው ሰው። የተደጋገሙትን አንድ በአንድ ለቅሜ አወጣኋቸው። አሁን እንደ ዘይት ይፈሳል።

ፍላሹ ላይ ቦታ ስላነሰኝ ዋናውን ከዚያ አጥፍቼዋለሁ። እኔ ኮምፒውተር ውስጥ ስላለ ግን አታስብ።

ባለቤትህ በስልክ መልእክት ስለላከችልኝ ጥያቄ፣ አዎ፣ እየበላሁ ነው፤ ጀርባዬም ተሽሎኛል። ጥሩ ዜና ስትሰማ ቶሎ ጻፍልኝ።

እኅትህ


ኅዳር 2

ለእታለም፣

እንዳልሽው ቶሎ አልጻፍኩም፤ ይቅር በይኝ። ቪዲዮው በደህና ደርሷል፤ ኮሚቴውም አይቶታል። ጸሐፊዋ ሴትዮ ምስጋና የማይወጣት ሰው ናት፤ እሷ እንኳ «እዚህ ቢሮ እንዲህ የጠራ ነገር ታይቶ አያውቅም» ብላለች። እውነቷን ነው፤ የጫማዬን ገመድ መቁጠር ነበር የቀረው።

ውሳኔውን በሚመለከት ሌላ ጊዜ በደንብ እጽፍልሻለሁ። ለጊዜው ዕረፍት ላይ ነኝ። የጓሮውን በር ቀለም ቀባሁት፤ የተረፈኝን ቀለም የት እንዳደርገው ጨንቆኝ አጥሩንም ቀባሁት። ባለቤቴ ሌላ ሳምንት ቤት ከዋልኩ እሷንም እንዳልቀባት ፈርታለች።

ጎሚስታውን ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። ሰላምታሽን አድርሻለሁ። እግሩ ላይ ብረት አስገብተውለታል፤ «ከእንግዲህ ማግኔት ባለበት አላልፍም» ይላል።

ኮምፒውተርሽስ? ጥሩንባ ሲመጣ ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ አየሁት ብሎኛል። በእኔ ጣጣ ተቃጥሎብሽ ከሆነ ደብቀሽ አትያዢው።

ወንድምሽ


ኅዳር 9

ለወንድሜ፣

ኮምፒውተሩን ስለጠየቅከኝ በመጀመሪያ እሱን ልመልስ።

አራት ማዕዘኖቹ እየባሱ ሄዱ። ሠርግ ስከፍት ሙሽራዋ ትጀምርና ከወገቧ በላይ ሴራሚክ ትሆናለች። መጀመሪያ ኬብሉን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ከጎረቤት ስክሪን ተውሼ ሰካሁ፤ ያው ነው። ከዚያ ሰፈሩ ዶክተር የሚላቸውን ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራኋቸው። ማንኛውንም ማሽን ከመክፈታቸው በፊት ጆሯቸውን ለጥፈው ስለሚያዳምጡ ነው ስሙ የወጣላቸው። ቀድመው የሚጠይቁት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ሕመሙ መስታወቱ ላይ ነው ወይስ ፊትሽ ላይ?» ይላሉ። ጥፋቱ የሚያሳየን ዕቃ ላይ ነው ወይስ ቪዲዮው ራሱ ውስጥ ማለታቸው ነው። መለያው ቀላል ነው። ያንኑ ፋይል ወስዶ በሌላ ኮምፒውተር ማየት። እዚያም ከታየ ፊትህ ነው፤ እዚያ ካልታየ መስታወትህ ነው። ሙሽራዋን እሳቸው ቤት ወስደን አየናት፤ ከራሷ እስከ ጫማዋ ደህና ናት። ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ግራፊክስ ካርድ ላይ ነው፤ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ዕቃ። ማራገቢያው አንድ ክንፉ ተሰብሮ፣ ከመጋረጃዬ የመጣ ክር ተጠምጥሞበት፣ በራሱ ሙቀት ሲበስል ኖሯል። ክሩን በወረንጦ ነቀሉት፤ አልዳነም። ካርዱን አውጥተን ጣልነው። ያለ ካርድ ኮምፒውተሩ እንደ ሽማግሌ ነው የሚራመደው፤ ግን ይራመዳል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ጥሩንባ ምሥጢር የሚያድርበት ሰው እንዳልሆነ እያወቅክ በእሱ እጅ «ዕረፍት ላይ ነኝ» ብለህ ትጽፍልኛለህ። መታገድህን ነገረኝ። ቪዲዮው ግድግዳው ላይ ሲታይ «አውቶቡሱ ይበር ነበር» ብለው እንዳወሩም ነገረኝ። ያንን ቪዲዮ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከሰው ሁሉ ቀድመህ ልትነግረኝ የሚገባህ እኔን ነበር።

ስምንት ብለኸኛል፤ አምኜሃለሁ። ስለዚህ የጠረጠርኩት ካርዱን ነው። ሲግል ፋይሉን አበላሽቶት ይሆናል። ሰኞ ያጠራሁትን ቪዲዮ ዶክተር ቤት ወስጄ በእሳቸው ኮምፒውተር አየዋለሁ። ካርዱ ከሆነ ጥፋቱ የዕቃ ነው፤ በሁለት ቀን እንደገና ሠርቼ እልክልሃለሁ።

እኅትህ


ኅዳር 13

ለወንድሜ፣

ጥሩንባ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ስለሆነ አጠር አድርጌ ልጻፍ። ካርዱ ንጹሕ ነው። ያጠራሁት ቪዲዮ በዶክተር ኮምፒውተርም ያው ነው፤ አውቶቡሱ ይፈጥናል። ዋናው ፋይል ዲስኬ ላይ አለ፤ ይከፈታል።

ያገኘሁትን ዛሬ አልጽፍልህም። ደግሜ መቁጠር አለብኝ። እስከዚያ ምንም ወረቀት ላይ እንዳትፈርም። በሩ ላይ ያለው መቅጃ የዚያን ዕለቱን አሁንም ይዞት እንደሆነ ጠይቅልኝ።

እኅትህ


ኅዳር 17

ለእታለም፣

መቅጃው በየሠላሳ ቀኑ የድሮውን እያጠፋ በላዩ ይቀዳል አሉኝ። ስለዚህ የለም። ያለው አንቺ ጋ ያለው ብቻ ነው።

አትፈርም ያልሽው ግን ዘግይቷል። ፈርሜአለሁ፤ ቪዲዮውን ባዩበት ቀን፣ ጥቅምት 30። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ልነግርሽ ነበር፤ ብዕሩ አልሄድ አለኝ። በአንቺ ሥራ ላይ የተናገርኩ እንዳይመስልሽ ፈራሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ከጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ካላንደሩን አውርደው ቪዲዮውን እዚያ ላይ አሳዩን። አምስት ሰዎች ናቸው፣ ከእኔ ጋር ስድስት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስምንት ነበርኩ ስል ነው የቆየሁት። መለኪያውን ያየሁት በዓይኔ ነው። ከዚያ ግን ግድግዳው ላይ አንድ ሹፌር አውቶቡሱን ሲያበር አየሁ። እኔ ነኝ፤ ታርጋዬ ይነበባል። ሊቀ መንበሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ምን ትላለህ?» ነው ያሉኝ። እታለም፣ ያየሁት ስምንት ከውስጤ ወጥቶ ሄደ። ሰው ለራሱ ያደላል፣ ካሜራ ለማን ብሎ ያደላል አልኩ። «ፈጥኜ ነበር» ብዬ ፈረምኩ። መባረሬን የሚያጸድቀው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ፋይሉ በታኅሣሥ አጋማሽ ይላካል።

ከዚያ ወደ ጎሚስታው ሄድኩ። እንደዚያው አልኩት፤ ፈጥኜ ነበርና ይቅር በለኝ። «ይሁን» አለኝ።

አሁን ምን አግኝተሽ ነው? ክፉም ቢሆን ጻፊው።

ወንድምሽ


ኅዳር 20

ለወንድሜ፣

ፈጥነህ አልነበረም።

በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ያለው ርቀት አሥራ ሁለት ሜትር ነው ብለህ ነበር የጻፍክልኝ። በዋናው ቪዲዮ ላይ የአውቶቡሱ አፍንጫ ከመጀመሪያው ምሰሶ ሁለተኛው እስኪደርስ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ምስል አለ። አምስት ሰከንድ ተኩል መሆኑ ነው። ጥጉ ላይ ያሉት ቀያይ ቁጥሮችም፣ እኔ ቆርጬ የጣልኳቸው፣ ሰዓት ናቸው፤ እነሱም ያንኑ ይላሉ። ሲሰላ በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር አይሞላም። እኔ ባጠራሁት ላይ ግን ያለው ሰባ ስድስት ምስል ነው። ሦስት ሰከንድ። ሲሰላ አሥራ አራት ይሆናል።

ስድሳ ሁለቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። መቅጃው ሲደክመው አዲስ ፎቶ ባያነሳም ሰዓቱን ይቆጥር ነበር። የቆሙት ምስሎች ትርፍ አልነበሩም። ፎቶ የለቀምኩ መስሎኝ የለቀምኩት ጊዜውን ነው። አውቶቡስህን ያስሮጥኩት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ።

ዕቃው ነው ብዬ ብጽፍልህ ደስ ባለኝ። ካርዱን ስነቅል ውስጤ «እሱ በሆነ» ይል ነበር። ያን ሰኞ ከዶክተር ቤት ስመለስ ግን ገብቶኝ ነበር። አራት ቀን ሙሉ ደግሜ የቆጠርኩት ቁጥሩ ጠፍቶኝ አይደለም። ሌላ ቁጥር ይወጣ እንደሆነ ብዬ ነው።

ይህን ሥራ እንዴት እንደተማርኩ ታውቃለህ። በጽዳት ተቀጥሬ ፎቶ ቤቱን ሳጸዳ ከቆሻሻ ቅርጫት የማወጣቸውን የቪዲዮ ማስተማሪያ ወረቀቶች እያስተካከልኩ ደብተር ላይ እለጥፍ ነበር። የሚቆም ምስልን ስለማውጣት የሚያስተምረው ገጽ ግማሹ የተቀደደ ነው። የተቀደደው ላይ ምን እንደነበር አላውቅም። «ጊዜው ለሚፈለግበት ቪዲዮ አታድርጉ» ይል ይሆናል፤ ላይልም ይችላል። በተቀደደ ወረቀት አላመካኝም። ሃያ ዓመት ሠርግ ሠራሁ። ሙሽራ ከመኪና ወርዳ በር እስክትደርስ ሁለት ሰከንድ ብትቀድም የሚከሳት የለም፤ እኔም ልማዴን ይዤ መጣሁብህ። ልትኳል ስትል ዓይኗን አጠፋች የሚሉት የእኔ ነው።

ይህችን ገጽ ለሊቀ መንበሩ አሳያቸው። ዋናውን በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ዶክተር ዘንድ አስቀምጫለሁ።

ሌላም ነገር አለ። የፍሬን መብራትህ የበራው ጎሚስታው ከወደቀ በኋላ ነው። ሁለቱም ቪዲዮ ላይ አለ፤ ሁሉም ፍጥነቱን ሲያይ እሱን ያየው የለም። እንዳታውቀው አልፈልግም።

ይቅርታ ብዬ እዚህ መጻፍ ቀላል ነው። ፊት ለፊት እልሃለሁ።

እኅትህ


ኅዳር 25

ለእታለም፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ቀኑ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ተናድጄ ዋልኩ። በአንቺ መስሎኝ ነበር፤ ሳስበው በራሴ ነው። ምስሉን የቀየርሽው አንቺ ነሽ፤ አላስገደድሽኝም ግን። ያየሁትን የተውኩት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ቀን ገጿን ይዤ ቢሮ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ሁለት ጊዜ አነበቧት። ጸሐፊዋ ግን «የመጀመሪያውንም እኅቱ፣ ሁለተኛውንም እኅቱ!» አለች። ምን ይፈረድባታል? እኔም በእሷ ወንበር ብቀመጥ ያንኑ ነው የምለው። በመጨረሻ የተስማሙት አንቺ ራስሽ ኮምፒውተሩን ይዘሽ መጥተሽ ፊታቸው እንድታስረጂ ነው፤ ታኅሣሥ 8፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት።

ነይ ለማለት አፌ አልደፈረም። ስልክ የማታነሳ ሴት አምስት ሰው ፊት ቁሚ ብዬ አላዝሽም። አልችልም ካልሽ እረዳለሁ፤ ፋይሉ እንዳለ ይሄዳል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ለወንድሜ፣

እመጣለሁ። ጥሩንባ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይዞልኛል። ኮምፒውተሩን ጭኔ ላይ አደርገዋለሁ፤ ኮተት ማስቀመጫው ላይ አይሆንም፣ ይንጠዋል። ስክሪን እዚያ አለ ብለሃል።

ማታ እናንተ ጋ ስለማደር ለጠየቅከው፣ አዎ፣ አድራለሁ፤ ሶፋው ይበቃኛል። አልጋ ይለቀቅልሽ እንዳትሉኝ።

ምን እንደምል ጽፌዋለሁ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ትናንት ለዶክተር አነበብኩላቸው፤ «ከወረቀቱ በስተቀር ማንም አልሰማሽም፣ ድምፅ ጨምሪ» አሉኝ። ግን ብዙ መናገር አላሰብኩም። ቪዲዮ ሠርቼ ላሳያቸው አልፈልግም፤ በእኔ እጅ ያለፈ ነገር እንዴት ይታመናል? ኪቦርዱን ለጸሐፊዋ እሰጣታለሁ። እሷ ራሷ አንድ በአንድ እየተጫነች ትቁጠር፤ ሊቀ መንበሩ ቀዩን ሰዓት ይዩ። እኔ ከጠረጴዛው እርቃለሁ።

በጥሩንባ እጅ ለብቻ የላክህልኝን ቁራጭ ወረቀት አነበብኩ። የፍሬኑን ነገር ካልጠየቁሽ አታንሺው ብለሃል። አልተቆጣሁም፤ ሁለት ልጅ ያለው ሰው ያንን ቢጽፍ አይገርመኝም። ግን አነሳዋለሁ። አንዴ አጥርቼልህ የሆነውን አይተናል። ካሁን በኋላ የሚበጅህን መርጬ እሱን ብቻ አላሳይም፤ ምን እንደሚበጅህ አላውቅማ። ለምን ዘግይቶ እንደበራ የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ ሳልናገር በፊት ብትናገረው ደስ ይለኛል።

ስናገር ካቃተኝ እንዳታግዘኝ። «እኅቴ ማለት የፈለገችው» ብለህ እንዳትጀምር። ቆም ብዬ እቀጥላለሁ።

እኅትህ


ታኅሣሥ 24

ለእታለም፣

ተመልሰሽ ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ሁሉ ጻፍልኝ ብለሽኛል፤ እነሆ።

ውሳኔው ትናንት ወጣ። የፈረምኩት ወረቀት ተሰርዟል። አልተባረርኩም፤ መንጃ ፈቃዴም አልተነካም። ፊቴን ወደ ግራ መስታወት አዙሬ ሰውየውን ሳላይ ፍሬን ዘግይቼ በመያዜ የሁለት ወር ዕገዳና የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኛል። ዕገዳው ካለፈው ይታሰባል ስላሉ ጥቂት ቀን ነው የቀረኝ። የመስታወቱን ነገር ከአንቺ ቀድሜ በመናገሬ ሊቀ መንበሩ «እሱን ባትናገር ኖሮ ቁጥሩንም አናምንም ነበር» ብለውኛል።

ድምፅሽ ተሰምቶ እንደሆነ ጠይቀሻል። ተሰምቷል። ጸሐፊዋ አንቺ ከክፍሉ ከወጣሽ በኋላ ኪቦርዱን ይዛ ለራሷ እንደገና ቆጠረች፤ አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት ስትደርስ «እኔ እንኳ መቶ ሠላሳ ሰባት እንዲሆን ፈልጌ ነበር» አለች። ይኼ ለእሷ ይቅርታ መጠየቅ ነው፤ እንደዚያ አድርገሽ ውሰጂው።

ለሁለተኛው ጥያቄሽ አንድ ሳምንት ሙሉ መልስ አጣሁ። ጎሚስታውን ነገርከው ወይ ብለሻል። ሰው ይቅርታ ጠይቆ እንዴት ይመልሳል? በመጨረሻ ቅዳሜ ሄድኩ። ክራንቹን አልጋው ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ሁሉንም ነገርኩት፤ አንቺን፣ የቆሙትን ምስሎች፣ ስምንቷን። ፈጥኜ ነበር ያልኩህ ስህተት ነው አልኩት።

«እና ምን ልሁንልህ?» አለኝ። «ይቅርታህን ልመልስልህ? አልመልስም። ቀስ ብለህም ቢሆን የገጨኸኝ አንተው ነህ።»

ልክ ነህ አልኩት። የምትመልሰው የለም፤ ያኔ በማላውቀው ነገር ይቅር በለኝ ያልኩህን አሁን በማውቀው ልበልህ ብዬ ነው አልኩ። መስታወቱን ነገርኩት። እሱም ሲያንከባልል ወደ ኋላው እንዳላየ ነገረኝ፤ ይህን ለማንም አልተናገረም ነበር።

ከዚያ ቪዲዮውን አሳየኝ አለ። ዋናውን፣ ያልተነካውን። በስልኬ ከፈትኩለት። አልጋው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አየነው። ጨለማ ነው፤ አሸዋ ነው። እሱ ከቆመው አውቶቡስ ኋላ ብቅ ሲል፣ እኔ ልደርስበት ሁለት ክንድ ሲቀረኝ፣ አንዱ የቆመ ምስል አለ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። እዚያ ላይ ጣቱን አሳርፎ አስቆመው። ጎማው እጁ ላይ ነው፤ ሁለቱም እግሮቹ ደህና ናቸው።

«ምነው እዚህ ላይ በቀረ» አለ።

ጣቱን እስኪያነሳ ድረስ አብሬው ጠበቅሁ።

ወንድምሽ